ሦስት ግራም ብረት

እናቴ ከወሎ፣ ከከላላ ስትደውል መጀመሪያ ጤናዬን፣ ቀጥሎ ሥራዬን ትጠይቃለች። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማታ «ዛሬስ ምን ስትሠራ ዋልክ?» አለችኝ። ደክሞኝ ስለነበር ነገሩን ሳላሳምር እንዳለ ነገርኳት። «ከሦስት ቁራጭ ብረት ላይ ሦስት ሦስት ግራም ስቀንስ ዋልኩ» አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ፣ አለሽ?» ስላት «አለሁ» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «አሜሪካ ድረስ የሄድከው ቀጥቃጭ ልትሆን ነው እንዴ ልጄ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልትሰድበኝ አስባ አይደለም። ግን ቀጥቃጭ የሚለው ቃል በእኛ አገር ምን ያህል ሸክም እንዳለበት እሷም እኔም እናውቃለን። ያን ማታ ላስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም። በረዶ ላይ የሚሮጥ ሞተር አይታ ለማታውቅ ሴት፣ የሦስት ግራም ነገር ሰውን ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደሚያውል በስልክ መንገር ከባድ ነው። እዚህ ግን ቦታም ጊዜም ስላለኝ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ዴንቨርና ጎረቤቷ ኦሮራ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው፤ እንጀራውም ቡናውም አይታጣም። የበረዶውን ወራት ግን፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ የምሠራው ከዴንቨር ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ተራራው ሲወጡ በምትገኘው ግራንድ ሌክ አጠገብ፣ በአንድ ትንሽ ጋራዥ ነው። ግራንድ ሌክ ከባሕር ጠለል በላይ 2550 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በእኛው ወሎ ያለችው መካነ ሰላም 2600 ሜትር ገደማ ናት። መጀመሪያ ወደዚያ የወጣን ቀን አብረውኝ የነበሩት ልጆች ትንፋሽ አጥሯቸው ደረጃ ላይ ሲቆሙ እኔ ደረቴ የሚያውቀውን አየር አገኘ። ብርዱ ግን ሌላ ነው። እኛ ጋ ውርጭ አለ፣ የበረዶ ጠጠር አለ፤ እዚያ ግን በረዶው እንደ ተነፋ ዱቄት ከወገብ በላይ ይከመራል፤ እግር ከገባበት አይወጣም።

ስኖውሞቢል የተሠራው ለዚህ ነው። ፊቱ ላይ እንደ ሸርተቴ ያሉ ሁለት እግሮች አሉት፤ ከኋላው እንደ ዶዘር ሰንሰለት የሚዞር ሰፊ የጎማ ምንጣፍ አለው። ሰው እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጦበት በመሪ ይነዳዋል። ዛሬ ብዙው ሰው ለመዝናኛ ይነዳዋል፤ አመጣጡ ግን ከመዝናኛ አይደለም። በካናዳዋ ኬቤክ፣ ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር የሚባል መካኒክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ ሆዱን ታሞ፣ መንገዱ በበረዶ ስለተዘጋ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። ሰውየው በበረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ መሥራት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን አጥብቆ ያዘው። በ1937 ሰው የሚያጓጉዝ የበረዶ መኪና አወጣ፤ ስኪዱ የተባለችዋን ትንሿን ማሽን ደግሞ በ1959 ለገበያ አቀረበ። በሚኒሶታም ፖላሪስ የሚባለው ኩባንያ በ1954 ተነሣ። የዚያን ሕፃን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር በከላላ ገደል ለገደል በቃሬዛ የተሸከምናቸው በሽተኞች ይመጡብኛል። ቃሬዛ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው የዚያን አባት ልብ ለመረዳት ትርጉም አያስፈልገውም።

ወደ ብረቴ ልመለስ። ስኖውሞቢል ማርሽ የለውም። ነጂው አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ አይቀይርም። በምትኩ ሁለት ፑሌጃዎችና በመሃላቸው አንድ የጎማ ቺንጋ አሉት። የወፍጮ ቤት ቺንጋ ያየ ሰው ነገሩን ግማሹን አውቆታል። ልዩነቱ የወፍጮው ፑሌጃ ስፋቱ አንድ ነው፤ ይህኛው ግን ሁለት ፊት ለፊት የተገጠሙ ሣህኖች የሚመስል ነውና ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሣህኖቹ ሲራራቁ ቺንጋው ወደ መሃል ይሰምጣል፤ ሲቀራረቡ ቺንጋው ተገፍቶ ወደ ዳር ይወጣል። ቺንጋው መሃል ሲሆን እንደ አንደኛ ማርሽ ነው፤ ዳር ሲወጣ እንደ መጨረሻው ማርሽ። በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥ ደግሞ ደረጃ የለውም፤ እንደ ዘይት ይፈስሳል።

ታዲያ ሣህኑን የሚዘጋው ማነው? ሦስት ቁራጭ ብረቶች ናቸው። ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ፑሌጃ ውስጥ እንደ በር ማጠፊያ በፒን ተይዘው የተንጠለጠሉ፣ እንደ ማጭድ ምላስ የጎበጡ፣ ከአውራ ጣት ትንሽ የሚረዝሙ ብረቶች። እኔ በአማርኛ የፍሪሲዮን ክብደት እላቸዋለሁ። ልጅ ሆኖ ማሽላ ሲጠብቅ ወንጭፍ ያዞረ ሰው ሥራቸውን ያውቀዋል። ወንጭፉ በዞረ ቁጥር ድንጋዩ ወደ ውጭ መሄድ ይፈልጋል፤ በፈጠነ ቁጥር ገመዱን ይበልጥ ይስባል። ሞተሩ ሲፈጥን እነዚህ ሦስት ብረቶች እንደዚያ ድንጋይ ወደ ውጭ ይበረግዳሉ፤ ሲበረግዱ በጎበጠው ጀርባቸው ትንሽ ሮለር ይገፋሉ፤ ግፊቱ ሣህኑን ይዘጋዋል። በተቃራኒው ጠንካራ ሞላ አለ፤ እሱ ደግሞ ሣህኑን ሊከፍት ይታገላል። ማሽኑ የሚሄደው በዚህ ትግል ነው። ብረቱ ከብዶ ካሸነፈ ቺንጋው ቶሎ ወደ ዳር ይወጣል፤ ብረቱ ቀልሎ ሞላው ካሸነፈ ይዘገያል።

እያንዳንዱ ሞተር ጉልበቱ ጫፍ የሚደርስበት ዙር አለው። ባለ ሁለት ምት 800 ሲሲ ሞተር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 8000 ዙር አካባቢ ነው። የመካኒኩ ሥራ ነጂው ነዳጁን እስከ ጥግ ሲጫን ሞተሩ ከዚያ ዙር ሳይወርድ ሳይወጣ እንዲቆም ማድረግ ነው። ያን የሚወስነው ደግሞ የብረቶቹ ክብደት ነው። በሙያው ያሉ ሰዎች በግምት የሚይዙት ልክ አለ፤ ከሦስቱም ላይ አንድ አንድ ግራም ስትቀንስ ሞተሩ 100 ዙር ገደማ ይጨምራል። እንደ ማሽኑ ይለያያል፤ ግን ለመነሻ ይረዳል።

ከፍታ የሚገባበት እዚህ ላይ ነው። ደገኛ የሆነ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። እኛ ጋ ባቄላ ለመብሰል ለምን ይዘገያል? አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። 2600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ገደማ ነው፤ ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ አይበቃም። ያው ስስ አየር ሞተሩንም ያስርበዋል። ነዳጅ ለመንደድ አየር ይፈልጋል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 3000 ሜትር ላይ ሲወጣ ከ110 በታች ይሆናል። ብረቶቹ ግን ክብደታቸው አልቀነሰም። በሙሉ ጉልበቱ ጊዜ የተሰጡትን ብረቶች የተራበው ሞተር መሸከም ያቅተዋል፤ ቺንጋው ያለ ጊዜው ዳር ይወጣል፤ ሞተሩ ያቃስታል። ከደሴ ወደ ጉጉፍቱ ሰው ጭኖ የሚወጣ ቅጥቅጥ አይሱዙን ሾፌሩ አቀበቱ መሃል አራተኛ ማርሽ ውስጥ ቢተወው የሚሰማውን ድምፅ አስቡት። ያ ነው። መፍትሔውም አንድ ነው፤ ብረቶቹን ማቅለል።

ቅጥቅጥን ካነሣሁ አይቀር፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ብዙ ሰው አያስበውም። እዚሁ አገር በመዶሻ ተቀጥቅጦ አካል ስለተሠራለት ነው። ተሳፍረንበት እንሄዳለን፤ ደግሞ ቀጥቃጭ የሚለውን ቃል ለስድብ እናውለዋለን። ይህ ነገር ያሳዝነኛል።

እናቴ የደወለችበት ዕለት የሠራሁለት ሰው ማሽኑን ከዝቅተኛ ቦታ ገዝቶ ያመጣ ነው። ቬይል ፓስ በሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ፣ 3250 ሜትር ገደማ፣ ነዳጁን ጥግ ቢያደርሰውም ሞተሩ ከ7900 ዙር አልፎ አልሄደም፤ ያ ሞተር የሚፈልገው ደግሞ 8200 ነው። ሦስት መቶ ዙር ጎደለው ማለት ነው። በግምቱ ሦስት ሦስት ግራም። ብረቶቹ 62 ግራም ነበሩ፤ 59 ማድረግ አለብን። በትክክለኛው መንገድ ከሄድን አዲስ መግዛት ነው፤ ኩባንያዎቹ በተለያየ ክብደት እያዘጋጁ ይሸጧቸዋል፣ የሚፈታና የሚጨመር ብሎን ያላቸውም አሉ። ጊዜ ያለው ሰው ያን ቢያደርግ እመርጣለሁ። ሰውየው ግን ቅዳሜ መውጣት ፈልጓል፤ በመደርደሪያችን ላይ ልኩ አልነበረም።

ስለዚህ ያሉትን መቀነስ ያስፈልጋል። ችግሩ ብረቱ የጠነከረ መሆኑ ነው። ጥሩ ሞረድ ብታስኬድበት እንደ ጠርሙስ ይንሸራተታል፤ ድምፁም የጠርሙስ ነው። ተራ ፑንታ ጫፉን አቃጥሎ ይቀራል እንጂ አይበሳውም። እንዲህ የጠነከረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያ የጎበጠ ጀርባ ሮለሩን ነጂው ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ሲገፋ ስለሚኖር ለስላሳ ቢሆን በአንድ ክረምት ይቦረቦራል።

ብረት እንዴት እንደሚጠነክር መጀመሪያ ያየሁት ከላላ ነው። አባቴ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። የወፍጮው ድንጋይ ሲያረጅ ጥርሱ ያልቅና እህሉን ማድቀቅ ትቶ ማሞቅ ይጀምራል፤ ያኔ ድንጋዩ ይወቀራል። የሚወቀርበት መሮ በየሳምንቱ ይደንዛል። መሮዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ባለ እጁ መውሰድ የእኔ ሥራ ነበር። ቤቱ ከመንደሩ ጫፍ፣ ከሌላው ቤት ለየት ብሎ ነበር። ስሄድ ጎረቤቶች «ዓይኑን እንዳታየው፣ እዚያ ቤት እህል እንዳትቀምስ» ይሉኝ ነበር። ቡዳ ነው ይሉታል። እኔ ግን ከወናፉ ድምፅ ውጭ የሚያስፈራ ነገር አላየሁበትም። አባባ ነበር የምለው።

አንድ ቀን መሮው ለምን ሁለት ጊዜ ውሃ እንደሚጠጣ ጠየቅሁት። ከከሰሉ ውስጥ በጉጠት አወጣው፤ ጫፉ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቷል። ጫፉን ብቻ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ውሃው ጮኸ። ወዲያው አወጣና ጫፉን ድንጋይ ላይ ፈተግ ፈተግ አድርጎ አበራው። «አሁን እይ» አለኝ። ከላይኛው ግለት ሙቀቱ ወደ ጫፍ ሲወርድ በተወለወለው ብረት ላይ ቀለም እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ከኋላው ቡናማ፣ ከዚያ የወይን ጠጅ፣ መጨረሻ ላይ ሰማያዊ። ቢጫው ጫፉ ላይ ሲደርስ መሮውን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ከተተው። «ሳልጠብቅ ብከተው ድንጋዩን ሲመታ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ሰማያዊው እስኪደርስ ብጠብቅ ደግሞ እንደ ሰም ይታጠፋል። መካከሉ ይቺ ቢጫ ናት» አለኝ።

ከዓመታት በኋላ ደሴ ውስጥ ጋራዥ ስገባ፣ ቆይቶም እዚህ ስማር፣ ያ ሰው ያሳየኝ ነገር በመጽሐፍ ውስጥ በዲግሪ ተጽፎ አገኘሁት። ካርቦን ያለበት ብረት 800 ዲግሪ ገደማ ሲግል የውስጥ አሰላለፉ ይለወጣል፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ጊዜ ያጣና እንደተወጠረ ይቀራል። ጥንካሬው ያ ውጥረት ነው፤ ግን የተወጠረ ነገር ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በትንሹ ይሞቃል፣ ጥቂት ጥንካሬ ሰጥቶ ጥቂት ጽናት ይቀበላል። የገለባ ቢጫው 220 ዲግሪ ገደማ ነው። ቡናማው 250፣ የወይን ጠጁ 280፣ ሰማያዊው 300። ቴርሞሜትር አይቶ የማያውቅ ሰው በዓይኑ ብቻ ይህን ለክቶ ይሠራ ነበር። ያ ዓይን ነው አትየው የተባልኩት።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለ እጆችን በሥራቸው መሳደብን ከልክለው ነበር። ከዚያም በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሥራን ምን ያህል እንደፈለጉት የሚያሳየው ነገር ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት ሴባስቶፖል መድፍ ተጎትቶ እስከ መቅደላ የመጣው በ1860 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም እዚያው ወሎ ውስጥ አለ። ሰው መድፉን ለማየት ይሄዳል። የማረሻችንን፣ የማጭዳችንን፣ የመሮአችንን ሠሪ ግን ቡናችን ላይ አንጠራውም ነበር።

የዚያን የመንደራችንን ባለ እጅ ትምህርት ረስቼ የተቀጣሁት እዚሁ አሜሪካ ነው። በመጀመሪያው ክረምቴ፣ በሌላ ጋራዥ ስሠራ፣ አንድ ስብስብ ብረት እንዳቀል ተሰጠኝ። ቶሎ በል ተባልኩ፤ ቶሎ አልኩ። ከሚሽከረከረው የመሳያ ድንጋይ ላይ ብረቱን ሳላነሣ ተጫንኩት። ሲበቃ ጠርዙ ላይ እንደ ርግብ አንገት የሚያበራ ሰማያዊ መስመር ነበር። አየሁት። ትንሽ ነው ብዬ አለፍኩት። ሚዛኑ ልክ ነበር፤ ማሽኑም ዕለቱን በደንብ ሄደ። ክረምቱ ሳያልቅ ተመልሶ መጣ፤ ሞተሩ በመካከለኛው ፍጥነት ላይ እየዋለለ ነው። ስከፍተው ሰማያዊው በነበረበት ቦታ ሮለሩ ጥፍር የሚገባበት ጎድጓዳ ሠርቷል። ግማሽ ደቂቃ ባለመታገሤ የሰው ገንዘብ አበላሸሁ። ዋጋውን ከደመወዜ ከፈልኩ፤ ይገባኝም ነበር።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሦስቱንም ብረቶች በነዳጅ አጥቤ፣ አድርቄ፣ የግራምን አንድ አሥረኛ በሚያሳይ ሚዛን እመዝናለሁ፤ ያን ዕለት 62.1፣ 62.0 እና 62.2 ነበሩ። ቀጥሎ በቀለም እስክሪብቶ የማይነካውን እቀባለሁ። የጎበጠው ጀርባ በፍጹም አይነካም። ቅርጹ ነው ቺንጋው በየትኛው ፍጥነት ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወስነው፤ እዚያ ላይ የወረቀት ውፍረት ያህል ቢነካ ማሽኑ ሌላ ማሽን ይሆናል። የፒኑ ቀዳዳ ዙሪያም አይነካም። የሚቀረው ጎንና ጎኑ ነው።

ከጎኑም ከየት እንደሚነሣ ማሰብ ያስፈልጋል። ከጫፉ፣ ከፒኑ ከራቀው በኩል ብታነሣ የሚለወጠው የላይኛው ፍጥነት ነው፤ ከፒኑ አጠገብ ብታነሣ የመነሻው ጠባይ ይለወጣል። የእኔ ሰውዬ ችግሩ ከላይ ስለነበር ከጫፉ በኩል ጀመርኩ።

ሁለት መንገድ አለ፤ በመሳያ ድንጋይ መፋቅና መብሳት። ለመብሳት ካርባይድ የሚባለው ጠንካራ ፑንታ ያስፈልጋል፤ ሞርሳ ላይ አጥብቆ ይዞ፣ በዝግታ፣ ዘይት እያጠጡ። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር በሆነ ብረት ላይ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቀዳዳ ልክ ሦስት ግራም ያህል ያወጣል፤ ስሌቱ ያምራል። እኔ ግን ጠባብ ብረት ላይ ያን ያህል ቀዳዳ አልወድም። ከበሳሁም ጠርዙን ሳላለዝብ አልተውም። ነጋዴ አቡጀዲ ሲቀድ መጀመሪያ በመቀስ ጫፉን ነካ ያደርገዋል፤ ከዚያ በእጁ ሲስበው እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ብረትም እንዲሁ ነው፤ የተሳለ ጠርዝ ለስንጥቅ የተሰጠ መቀስ ነው።

ስንጥቅ እዚህ ቀላል ነገር አይደለም። 60 ግራም የሆነች ብረት ከፑሌጃው መሃል 6 ሳንቲ ሜትር ርቃ በደቂቃ 8000 ዙር ስትዞር ወደ ውጭ የምትስበው ከ250 ኪሎ በላይ ነው። በእጅ መዳፍ የምትያዝ ቁራጭ፣ ሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ የተንጠለጠለባት ያህል ትስባለች። በሦስቱ መካከል አንድ ግራም ብቻ ልዩነት ብትተው አንደኛው ወገን አራት ኪሎ የሚያህል ኃይል ብቻውን ይስባል፤ ፑሌጃው ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታው ይበላል። ብረቱ ከተሰበረ ደግሞ የሚወጣው ወደ ነጂው እግር አቅጣጫ ሊሆን ይችላል። ማሽኑን የሚነዳው ሰው ልጆች እንዳሉት አውቃለሁ፤ ወደ ጋራዡ ይዟቸው ይመጣል።

ያን ዕለት የመረጥኩት በድንጋይ መፋቅን ነው። ጓንት አላደርግም። ብረቱን በባዶ ጣቴ ይዤ ከድንጋዩ ጋር ሦስት እስክቆጥር አስነካዋለሁ፣ አጠገቤ ባለው ጣሳ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ አወጣለሁ፣ ደግሞ ሦስት እቆጥራለሁ። ጣቴ መያዝ ካልቻለ ብረቱም እየተጎዳ ነው። ከ20 ጊዜ በኋላ እመዝናለሁ፤ ግማሽ ግራም እንኳ አልወረደም። ደግሞ እጀምራለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ 59.0፣ 59.0 እና 59.1 ደረስኩ። ሦስተኛዋን በዘይት ድንጋይ ላይ በእጅ ፈትጌ 59.0 አደረግኋት። ጠርዞቹን አለዘብኩ፤ ሦስቱንም በመብራት ላይ እያዞርኩ አየኋቸው። ግራጫ ናቸው፤ የትም ቦታ ቢጫ እንኳ የለባቸውም።

ሰዎች አንዳንዴ ብረቱን አግለው አለስልሰው፣ ቆርጠው፣ ከዚያ መልሰው ቢያጠነክሩትስ ይሉኛል። ለመሮ ይሆናል። ለዚህ አይሆንም። ዳግም ሲግልና ሲነከር ብረት ይጣመማል፤ ሦስቱ እኩል አይጣመሙም፤ ያን የጎበጠ ጀርባ ማን መልሶ አንድ ያደርገዋል?

ቅዳሜ ማታ ሰውየው ከተራራው ሲመለስ በጋራዡ በር አልፎ ሄደ፤ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ መስታወቱን ከፍቶ «8150» ብሎ ጮኸ። ከፈለግነው 50 ዙር ዝቅ አለ። ያን 50 ለማግኘት ሌላ ግማሽ ግራም ልቀንስ ወይስ ልተወው ብዬ እስካሁን አስባለሁ፤ ብርዱ ሲለሰልስ አየሩ ደግሞ ይሳሳል። ለጊዜው ተውኩት።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩላት። ይህን ሁሉ በእሷ ቋንቋ ነገርኳት፤ ወንጭፉን፣ የወፍጮውን ቺንጋ፣ መሮውን። ልጅ ሳለሁ እዚያ የመንደሩ ጫፍ ቤት እንጀራ በልቼ እንደማውቅም ነገርኳት። ይህን ነግሬያት አላውቅም ነበር። ጥቂት ዝም አለች።

«እኔም እጠረጥር ነበር» አለች። «መሮ ልትወስድ ሄደህ ስትመለስ ምሳህን አትበላም ነበር።» ከዚያ ሰውየው እንደሞተ፣ ልጁ ግን እዚያው እንደሚሠራ፣ ዘንድሮ ለስንዴው አጨዳ ማጭዶቹን ሁሉ እሱ እንደሳለላቸው ነገረችኝ። ሰላምታዬን እንድታደርስልኝ ለመንኳት። ነገ ራሷ እንደምትሄድ ቃል ገባችልኝ።

«ቆይ ግን» አለችኝ ልትዘጋ ስትል፣ «ያን የጋለ ብረት በባዶ እጅህ ስትይዝ ጣትህን አያቃጥልህም?»

«አያቃጥለኝም እማዬ። ካቃጠለኝ እኮ ብረቱ ተበላሽቷል ማለት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች።